አምባሰሉን ትዝታ አደረጋችሁብኝ

ሳንጃ ስንላችሁ ዓይናችሁ ላይ ድቅን ያለው ከጠመንጃ አፈሙዝ ላይ የሚሰካው ስለት ከሆነ አንፈርድባችሁም። ስሙ ራሱ ወታደር ነው። እኛ የምናወራላችሁ ሳንጃ ግን ከተማ ናት። ከጎንደር ተነስታችሁ የሁመራን መንገድ ትይዛላችሁ፤ ትክል ድንጋይን ታልፋላችሁ፤ ከዚያ ቁልቁል ነው። መጀመሪያ ጋቢው ይወልቃል፤ ቀጥሎ ሹራቡ፤ ቀጥሎ የመኪናው መስኮት ይከፈታል። ከዚያ የታች አርማጭሆ ዋና ከተማ ሳንጃ ትቀበላችኋለች። ጎንደር ላይ ፀሐይ ፍለጋ ከግንብ ጥግ የቆመ ሰው፣ ሳንጃ ሲደርስ ጥላ ፍለጋ ዛፍ ሥር ይጋፋል።

አርማጭሆ ከተባለ ደግሞ ሰው ሁሉ የሚጠብቀው ፉከራ ነው። ቀረርቶ፣ ሽለላ፣ ዘራፍ! ይሁን፤ አንከራከርም። ግን ጎበዝ፣ እዚያም እኮ ሰው ያዝናል። እዚያም ሰው ማታ ማታ ለብቻው ያንጎራጉራል። የዛሬው ጨዋታችን ስለ አንድ የሳንጃ እንጉርጉሮ ነው፤ ያን እንጉርጉሮ ለአምስት የነሐስ መሣሪያዎች ለመጻፍ ስለተደረገው ትግልም ነው። «ጋዜጠኛንና ትራምፔትን ምን አገናኛቸው?» የምትሉ ካላችሁ ታገሱን፤ እንደርስበታለን።

እኛ ማለት ሦስት ነን። አንደኛው የሳንጃ ልጅ ነው፤ ትራምፔት ይነፋል፣ ኖታ ይጽፋል፤ ከዚህ በኋላ «የሳንጃው ልጅ» እያልን እንጠራዋለን። ሁለተኛው ኖታውን ኮምፒውተር ላይ የሚተይብልን ወዳጃችን ነው፤ ከሙዚቃው ይበልጥ የሚያሳስበው ፍላሹ ውስጥ ያለው ቫይረስ ነው። ሦስተኛዋ ጋዜጠኝነት ተመርቃ ሥራ ፍለጋ በምትንከራተትበት ጊዜ የቡድኑ ጸሐፊ፣ አስታራቂና ሻይ ከፋይ ሆና የተገኘችው፣ ይህንንም የምትጽፍላችሁ ናት። እንግዲህ አንዳችን ስንናገር ሦስታችንም እንደተናገርን ቁጠሩት። ተስማምተንበታል።

የሳንጃው ልጅ አያት ክራር ይጫወታሉ። መድረክ ላይ ወጥተው አያውቁም፤ ገበሬ ናቸው። ሰሊጡ ታጭዶ፣ ተራግፎ፣ ሥራው ጋብ ሲል ከደጃፋቸው ቁጭ ብለው በአምባሰል ቅኝት የሚያንጎራጉሩት አንድ ዜማ አላቸው። ግጥሙን እዚህ አናመጣውም፤ የሳቸው ነው። ስለምን እንደሆነ ብቻ እንንገራችሁ። በወጣትነታቸው ከቤት ወጥቶ ስላልተመለሰ ታላቅ ወንድማቸው ነው። ሬሳው አልመጣም። የት እንደተቀበረ የነገራቸው የለም። የቀረው ዜማው ነው።

ልጁ ታዲያ ይህን ዜማ ለሁለት ትራምፔት፣ ለአንድ ሆርን፣ ለአንድ ትሮምቦንና ለአንድ ቱባ ልጽፈው ነው ብሎ ተነሳ። «ለምን በክራሩ አትተወውም?» አልነው። «እኔ የማውቀው መሣሪያ ይሄ ነው። በማላውቀው መሣሪያ እንዴት አድርጌ ላልቅስ?» አለን። ምን ይባላል? ሻይ አዘዝን።

አሁን እስቲ ረጋ ብላችሁ አስቡት። የነሐስ መሣሪያ መቼ ነው የምትሰሙት? ባንዲራ ሲሰቀል። የውጭ አገር መሪ ከአውሮፕላን ሲወርድ። ሰልፍ ሲኖር። ትልቅ ሰው ሲቀበር። በአገራችን ትራምፔት ማለት የመንግሥት ሠራተኛ ማለት ነው፤ ደመወዝተኛ! አመጣጡም እንዲያው ነው። ከዐድዋ ድል (1888 ዓ.ም) በኋላ የሩሲያው ንጉሥ ዳግማዊ ኒኮላስ ለዐፄ ምኒልክ የነሐስ መሣሪያዎች ላኩ። በ1916 ዓ.ም ደግሞ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ የአርመን ልጆች ማርሽ ሲነፉ ሰምተው ወደዷቸው። ልጆቹ በ1907 ዓ.ም ከተጀመረው የአርመኖች ጭፍጨፋ የተረፉ ወላጅ አልባዎች ነበሩ። ቁጥራቸው አርባ ስለነበር «አርባ ልጆች» ተባሉ፤ በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ አዲስ አበባ ገብተው የመንግሥቱ የሙዚቃ ጓድ ሆኑ። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንድያን የአገሪቱን የመጀመሪያ ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሱ፤ ግጥሙን የጻፉት ዮፍታሔ ንጉሤ ናቸው። በ1923 ዓ.ም የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ ላይም ተሰማ። የመዝሙሩ ስም ማን መሰላችሁ? «ኢትዮጵያ ሆይ ደስ ይበልሽ»።

ይቺን ነገር አንዴ ቆም ብለን እንያት። እናት አባታቸውን በጭፍጨፋ ያጡ ልጆች የሰው አገር መጥተው ለሰው ደስታ ነፉ። የራሳቸውን ኀዘን በዚያ ነሐስ ነፍተውት ያውቁ ይሆን? ማታ በየማደሪያቸው? የሳንጃው ልጅ ይህን ታሪክ በነገርነው ማግስት «አየሽ! አየህ! መሣሪያው ማልቀስ ሳይችል ቀርቶ አይደለም፤ አልቅስ ያለው የለም» እያለ ሲፎክር ዋለ። (የአርማጭሆ ልጅ አይደል? ስለ ለቅሶም ቢሆን ይፎክራል።)

በርግጥ ነሐሱ ከሰልፍ ሜዳ ያመለጠበት ዘመን ነበር። በ1940ዎቹና በ50ዎቹ ክብር ዘበኛው፣ ፖሊሱ፣ ምድር ጦሩ የየራሳቸው ኦርኬስትራ ነበራቸው። ጥላሁን ገሠሠ ከክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ፊት ቆሞ ፍቅር ሲዘፍን፣ ከጀርባው ያሉት ትራምፔቶችና ትሮምቦኖች የወታደር ንብረት ነበሩ። የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንድያን በዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ቤት ስንቱን የአገር ዜማ ለኦርኬስትራ አቀናበሩ። ከዚያ ደርግ መጣ፤ የሰዓት እላፊ መጣ፤ የሌሊቱ ጭፈራ ተዘጋ። ቀጥሎ ኪቦርድ መጣና አንድ ሰው በአንድ እጁ አምስት ትራምፔት «መንፋት» ቻለ። ትንፋሽ የማይጨርስ፣ ከንፈር የማይደክመው፣ አበል የማይጠይቅ ትራምፔት! ባለ ከንፈሮቹ ወደ ማርሽ ባንዳቸው ተመለሱ።

«ጌታቸው መኩሪያስ?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። እውነት ነው፤ ጌታቸው ሽለላንና ፉከራን በሳክስፎን ተናግረው የውጭ መሣሪያ አማርኛ መናገር እንደሚችል አሳይተውናል። ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። አንደኛ፣ ሳክስፎን አካሉ ነሐስ ይሁን እንጂ ድምፁ የሚነሳው ከሸምበቆ ምላስ ስለሆነ ባለሙያዎች የሚመድቡት ከክላርኔት ዘመዶች ጋር ነው። የትራምፔት ድምፅ የሚነሳው ከሰው ከንፈር መንቀጥቀጥ ነው። ሁለተኛ… እሱም ፉከራ ነው! እኛ የምንፈልገው እንጉርጉሮ።

ወደ ሥራው እንግባ። ለነሐስ መሣሪያ ሙዚቃ መጻፍ ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ዜማ አለህ፣ ወረቀት አለህ፣ ጻፍ! ቀርበን ስናየው ግን በየመስመሩ አንድ ጉድ አለ።

አንደኛው ጉድ ከንፈር ነው። ክራር መቺ ጣቱ ቢደክመው ጣት ይቀይራል። ትራምፔት ነፊ ሌላ ከንፈር የለውም። ከፍ ያለ ድምፅ ላይ ብዙ ካቆያችሁት የከንፈሩ ጡንቻ ይዝላል፤ ድምፁ ይሰነጠቃል፤ ከዚያ በኋላ ብትለምኑትም የለም። አያትየው ግን አንዱን ዜማ ሩብ ሰዓት ሊያንጎራጉሩት ይችላሉ። ያን ለአንድ ትራምፔት ጻፉለትና አምቡላንስ ጥሩ።

ሁለተኛው ጉድ ስም ነው። ትራምፔት ነፊ ወረቀቱ ላይ «ዶ» ሲያይ የሚወጣው ድምፅ የፒያኖው ሲ ቢሞል ነው። ሆርን ነፊ «ዶ» ሲያይ የሚወጣው ፋ ነው። ትሮምቦኑና ቱባው ደግሞ የተጻፈላቸውን ያወጣሉ። በአንድ ክፍል ውስጥ «ዶ» የሚባሉ ሦስት ሰዎች አሉ ማለት ነው፤ አንዱን ስትጠሩ ሌላው «አቤት» ይላል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ በየስሙ መጻፍ ግድ ነው። በዚያ ላይ ጎንደር ውስጥ ሆርን የሚነፋ ሰው ፈልገን አጣን። ድርሻውን ባሪቶን የሚነፋ ሰው ወሰደልን፤ የኮምፒውተሩ ወዳጃችንም ወረቀቱን በሙሉ እንደገና ተየበ። ያን ማታ የሰማነውን እርግማን አንጽፈውም።

ሦስተኛው ጉድ መንሸራተት ነው። አያትየው ከድምፅ ወደ ድምፅ ሲሄዱ አይዘሉም፤ ይንሸራተታሉ፣ ይጠመዘዛሉ፣ መሐል ላይ ትንሽ ይንቀጠቀጣሉ። ማሲንቆም እንዲሁ ነው። ትራምፔት ግን ሦስት ቁልፍ ነው ያለው፤ እንደ ደረጃ ነው፤ ወይ እዚህ ነህ ወይ እዚያ። ትሮምቦን ብቻ ነው እጁን ዘርግቶ እየሰበሰበ፣ በድምፆቹ መካከል እንደ ልቡ የሚንሸራተተው። የሳንጃው ልጅ የራሱን ትራምፔት ትቶ የአያቱን ድምፅ ለትሮምቦኑ ሰጠው። ለአንድ ትራምፔት ነፊ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ርስት እንደ መልቀቅ ነው።

ይህ ሁሉ ተሠርቶ፣ አምስቱ ሰዎች ከሁለት ማርሽ ባንድ ተለቃቅመው፣ በአንድ የተውሶ አዳራሽ ተነፍቶ፣ በስልክ ተቀዳ። በ2015 ዓ.ም የጥምቀት ግርግር እንዳለፈ ያን ቅጂ ይዘን ሳንጃ ወረድን።

አያትየው ቡና አስፈልተው፣ ክራራቸውን ከግድግዳው አውርደው ጠበቁን። መጀመሪያ ልጁ ትራምፔቱን አውጥቶ ከክራሩ ጋር ሊስማማ ሞከረ። አልገጠመም። የትንፋሽ መሣሪያ ውስጡ ያለው አየር ሲሞቅ ድምፁ ከፍ ይላል፣ ሲበርድ ዝቅ ይላል፤ የሳንጃ ሙቀት ደግሞ ታውቁታላችሁ። «አባባ፣ ክራሩን ትንሽ ከፍ ያድርጉት» አላቸው። አያትየው ሳቁ። «ክራሩ ባለቤት ነው ልጄ፤ እንግዳው ይጠጋ እንጂ!» ልጁ የትራምፔቱን ማቃኛ ቱቦ ሳብ አድርጎ አስረዘመውና ተጠጋ።

ከዚያ ቅጂውን ከፈትንላቸው። አገጫቸውን በመቋሚያቸው ላይ አድርገው እስከ መጨረሻ ሰሙ። ሲያልቅ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። እኛ ያለቀሱ መስሎን ነበር። ቀና ሲሉ ግን ፊታቸው ላይ የነበረው ግር ማለት ነው።

«ዜማውስ የኔ ነው ልጆቼ» አሉ። «ግን አምባሰሉን ትዝታ አደረጋችሁብኝ።»

የሳንጃው ልጅ ፊቱ ተለዋወጠ። ወራት የለፋበት ነው። በዚያ ላይ ከዜማው አንድም ድምፅ አልቀየረም! ቢፈተሽ፣ ቢቆጠር፣ አምስቱም የአምባሰል ድምፆች በቦታቸው ናቸው። ስንመለስ በመንገድ ላይ አንድ ቃል አልተናገረም። ጎንደር ገብቶ ኪቦርድ ፊት ቁጭ ካለ በኋላ ግን ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ደወለልን። «ልክ ናቸው» አለ። «ኖታ የማያነቡት ሰውዬ ልክ ናቸው።»

ነገሩን እንደገባን እናስረዳችሁ፤ ኪቦርድ ያላችሁ ነጭ ነጮቹን ቁልፎች እየነካችሁ ተከተሉን። አምባሰልን ከሚ ብትጀምሩት አምስቱ ድምፆች ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ ናቸው። ቤቱ ሚ ናት፤ ዜማው ዞሮ ዞሮ የሚገባው እሷ ዘንድ ነው። አሁን እነዚያኑ አምስት ድምፆች ከላ ጀምሯቸው፦ ላ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ። ይሄ አምባሰል አይደለም። ሙዚቀኞች ትዝታ ማይነር የሚሉት ነው። አንድም ድምፅ አልጨመራችሁም፣ አንድም አልቀነሳችሁም። የተቀየረው ቤቱ ብቻ ነው።

ታዲያ ቤቱን ማን ቀየረው? ኮርዱ ነዋ! ኮርድ ማለት በአጭሩ አንዱን ድምፅ እየያዙ አንዱን እየዘለሉ ሦስት ድምፅ መደራረብ ነው። በሚ ላይ ኮርድ ለመሥራት ሚ፣ ሶልና ሲ ያስፈልጋሉ። ሶል ግን በዚህ አምባሰል ውስጥ የለችም። በነዚያ አምስት ድምፆች የሚሠሩት እንዲህ ያሉ ኮርዶች ሁለት ብቻ ናቸው፦ ላ–ዶ–ሚ እና ፋ–ላ–ዶ። ሁለቱም የሌላ ሰው ቤት ናቸው። የሳንጃው ልጅ እንደተማረው ከዜማው ሥር ኮርድ ሲያነጥፍ፣ ቱባው ሄዶ ላ ላይ ተቀመጠ። ቱባ ደግሞ ከተቀመጠ ተቀመጠ ነው! ከሥር ያለው ድምፅ ላ ሲሆን ጆሮ «ቤታችን ላ ነው» ብሎ ያምናል። አያትየው በራሳቸው ዜማ ውስጥ ቤታቸውን ፈልገው ያጡት ለዚህ ነው። ወንድማቸው ያልተመለሰበትን ቤት።

«ሶልን ጨምሩና ገላገሉት» የሚል ይኖራል። ይቻላል፤ ያደረጉትም አሉ። ያን ጊዜ ግን ቅኝቱ ስድስተኛ ልጅ ወለደ፤ አያትየው ደግሞ ልጆቻቸውን በስም ያውቃሉ። ጥያቄው አዲስ አይደለም። ሙላቱ አስታጥቄ ዕድሜያቸውን የሠሩበት ይኸው ነው፦ አምስቱን የቅኝት ድምፆች ከምዕራቡ ዓለም አሥራ ሁለት ድምፆች ጋር አንዱ ሌላውን ሳይውጠው እንዴት ማኖር ይቻላል? እሳቸው በጃዝ በኩል መንገድ አበጁ። እኛ ጃዝ አልፈለግንም። የፈለግነው ክራር ይዘው ደጃፍ ላይ የተቀመጡ አንድ ሰው ነው።

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ጋዜጠኛዋ ለአንድ ጊዜ እንኳ የጠቀመችው። የጋዜጠኛ ሥራው መጠየቅና ማንበብ አይደል? ስለ ጎንደር ቤተ መንግሥት የተጻፈ ስናገላብጥ መለከቱና እምቢልታው መጡልን። እንዲያው ለነገሩ ጎንደር ትራምፔት እስኪመጣላት አልጠበቀችም፤ ንጉሥ በሚወጣበትና በሚገባበት ጊዜ ነጋሪት ይጎሰም፣ መለከት ይነፋ፣ እምቢልታ ይሰማ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከመቃ ስለተሠራና አንድ ድምፅ ብቻ ስለሚያወጣ መለከት ጽፏል። «አንድ ድምፅ ብቻ? ኋላ ቀር!» እንዳትሉ። በዚያን ጊዜ የአውሮፓው ትራምፔትም ቁልፍ አልነበረውም፤ የዛሬው ቁልፍ በጀርመን አገር ፓተንት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1818 ነው። ብሩስ ጎንደር ላይ የሰማው መለከትና አገሩ የተወው ትራምፔት የአጎት ልጆች ነበሩ።

እኛን ያስደነገጠን ግን እምቢልታው ነው። እምቢልታ የጣት ቀዳዳ የለውም። አንዱ እምቢልታ የሚያወጣው አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ነው። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ ሦስት ሰዎች ይሆኑና ይቀባበሉታል፤ አንዱ ድምፁን ሰጥቶ ዝም ሲል ሌላው ይገባል፤ እሱ ሲያቆም ሦስተኛው። ዜማው የማንም አይደለም፤ በመካከላቸው ነው የሚኖረው። አንዱ ከቀረ ዜማው ጥርሱ ይወልቃል።

ይህን ለሳንጃው ልጅ ስንነግረው ጣቶቹን መቁጠር ጀመረ። የአምባሰል ድምፆች አምስት። ነፊዎቻችን አምስት!

ኮርዶቹን በሙሉ ሰረዘ። መግቢያውንና ማረፊያዎቹን ለእያንዳንዱ ነፊ አንድ አንድ ድምፅ እየሰጠ እንደ እምቢልታ በቅብብል ጻፈው። ቱባውን ከላ አስነስቶ ሚ ላይ አስቀመጠው፤ «ከዚህ ብትነሳ ውርድ ከራሴ» ብሎ። ትሮምቦኑ በመካከል ብቻውን ያንጎራጉራል፤ ሌሎቹ ከሥሩ አይነጠፉም፣ ሲያርፍ ይቀበሉታል እንጂ። እና ምን ሆነ መሰላችሁ? የከንፈሩም ችግር አብሮ ተቃለለ። የሚቀባበል ሰው ያርፋላ! የጥንቶቹ እምቢልተኞች ይህን ሳያውቁት ቀርተው ነው?

አዲስ ችግር ግን ተወለደ። ማርሽ ነፍቶ ያደገ ሰው አንድ ድምፅ ስትሰጡት ይቀየማል። «ሃያ ዓመት የነፋሁት አንድ ኖታ ልነፋ ነው?» አለ አንዱ ትራምፔታችን። መልሱን ልምምዱ ራሱ ሰጠው። ብዙ ድምፅ ያለው ሰው አንዱን ቢስት ይሸፋፈናል። አንድ ድምፅ ብቻ ያለው ሰው ከሳተ አዳራሹ በሙሉ ዞሮ ያየዋል። ሰልፍ ላይ ሁሉም አብሮ ይረግጣል፤ እዚህ ግን ሁሉም ሌላውን እየሰማ ተራውን ይጠብቃል። በሦስተኛው ሳምንት ያው ሰውዬ ዓይኑን ጨፍኖ ተራውን ሲጠብቅ አየነው። ቅያሜው ጠፍቶ ነበር።

ሥራው ሲያልቅ ሳንጃ ወርደን ለአያትየው ማሰማት ነበር ሐሳባችን። በ2015 ዓ.ም ክረምት ክልሉ ውስጥ የሆነውን ታውቃላችሁ። ግጭቱ ተነሳ፤ መንገዱ አንድ ቀን ክፍት አንድ ቀን ዝግ ሆነ፤ የሞባይል ኢንተርኔቱም ተቋረጠ። ቅጂ መላክ የለ፣ መሄድ የለ። ትሮምቦን ነፊያችን ደግሞ ለሥራ ሌላ ከተማ ሊዛወር ነው ተባለ። የሳንጃው ልጅ እንቅልፍ አጣ። አያቱ ሰማንያ አልፈዋል። እሳቸው ሳይሰሙት የሚቀር ሙዚቃ ለማን ተጻፈ?

የቀረን ተራ የስልክ ጥሪ ነበር፤ ያውም መሥመር ሲገኝ። የኮምፒውተሩ ወዳጃችን እዚህ ላይ መርዶ ይዞ መጣ፦ የተለመደ የስልክ ጥሪ ከ300 ኸርዝ በታች ያለውን ድምፅ አያሳልፍም ማለት ይቻላል። የቱባው ዋና ድምፅ ያለው እዚያ ታች ነው። ቤቱን የያዘው ሰውዬ በስልኩ በር አይገባም ማለት ነው! ይህን ሲሰማ ቱባ ነፊያችን «እና እኔ ለማን ልነፋ ነው?» ብሎ ቱባውን መሬት አስቀመጠ። እውነቱን ነው። ደግነቱ የመካከለኛዋ ሚ 330 ኸርዝ ገደማ ናት፤ ለጥቂት ታልፋለች። የሳንጃው ልጅ እርሳስ አነሳና ቤቱን ለሁለተኛው ትራምፔት ጨምሮ ጻፈለት፤ በለሆሳስ፣ በማፈኛ፣ እስከ መጨረሻ ሚን እንዲይዝ። ትንፋሽ ሲያጥረው ባሪቶኑ ይቀበለዋል፤ ባሪቶኑ ሲያጥረው እሱ መልሶ።

አንድ ከሰዓት መሥመሩ ተገኘ። ስልኩን ወንበር ላይ አቆምነው። አምስቱ ጀመሩ። ግማሽ ያህል እንደሄዱ ከስልኩ ውስጥ አንድ ቀጭን ነገር ተሰማ። መጀመሪያ መሥመሩ የተበላሸ መስሎን ነበር። ክራር ነው። አያትየው ክራራቸውን አንስተው ገብተዋል! ቀጥሎም ድምፃቸው መጣ። የስልኩ መሥመር ስለሚዘገይ ዜማቸው የሚደርሰን ከእኛ ትንሽ ወደ ኋላ ቀርቶ ነው። ነፊዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ማርሽ ቢሆን ኖሮ ያኔ ተበላሽቶ ነበር። ግን መጠበቅ ለምደዋል፤ እሳቸውን ጠበቋቸው። ሙዚቃው ከተጻፈበት ፍጥነት በግማሽ ቀነሰ። ትሮምቦኑ ዝም አለ፤ ድርሻው የሳቸው ነበርና ለባለቤቱ ለቀቀ። ሁለተኛው ትራምፔትና ባሪቶኑ ሚን እየተቀባበሉ እስኪጨርሱ ድረስ በሩን ክፍት አድርገው ጠበቁ።

ሲያልቅ አያትየው ምን እንዳሉ ልንነግራችሁ ነው፤ ትልቅ ነገር አትጠብቁ። «አሁን ገባሁ» አሉ። ከዚያ ስለ ዝናብ ጠየቁን። ከዚያ ካርድ አለቀ።

እንግዲህ ወሬያችን ይህ ነው። ሙዚቃው እስካሁን መድረክ አላየም። ትሮምቦኑ ተዛውሯል። አንዱ ትራምፔት የመሥሪያ ቤት ንብረት ስለሆነ ለባለቤቱ ተመልሷል። ወረቀቶቹ ቫይረስ በሌለበት ፍላሽ ውስጥ አሉ፤ አምስት ነፊ ያላችሁ ካላችሁ ኑ ውሰዱ፤ ዋጋው ሻይ ነው። ስትወስዱ ግን አንድ ነገር አደራ። ሆርን ብታጡ በባሪቶን ተኩት፤ ፍጥነቱንም እንደ አገራችሁ አየር አድርጉት። ሚን ግን እንዳትነኩብን። ሰው ይገባበታል።

ቸር እንሰንብት።